ከአሮጌ ሪሞትና ዌብካም ሄድ ትራከር አሠራር

ዩሮ ትራክ ሲሙሌተር 2 የሚባለውን የጭነት መኪና መንጃ ጨዋታ የሚጫወት ሰው መስቀለኛ መንገድ ላይ ሲደርስ ግራ ቀኝ ማየት አለበት። ለማየት ደግሞ ወይ ማውስ ይጎትታል፣ ወይ ኪቦርድ ይጫናል። አንድ እጁ መሪ ላይ፣ ሌላው ማርሽ ላይ ከሆነ ለማየት የሚተርፍ እጅ የለውም። ሄድ ትራከር የሚፈታው ይህን ችግር ነው። ጭንቅላታችሁን በትንሹ ወደ ግራ ስታዞሩ ጨዋታው ውስጥ ያለው ሹፌርም ወደ ግራ ይዞራል። ወደ ስክሪኑ ስትጠጉ ዳሽቦርዱ ይቀርባል። ጎንበስ ስትሉ ከመስኮቱ ጠርዝ አልፋችሁ ታያላችሁ። የለመደው ሰው ያለሱ መንዳት ይከብደዋል።

ተሠርቶ የሚሸጠው ታዋቂው ዕቃ ትራክአይአር ይባላል። ዋጋው ከ100 ዶላር በላይ ነው። አሠራሩ ግን ቀላል ነው፤ ሄድፎን ላይ የሚታሰሩ ሦስት የኢንፍራሬድ (በዓይን የማይታይ ብርሃን) መብራቶች፣ እነሱን የሚያይ ካሜራ፣ ካሜራው ያየውን የሚያሰላ ሶፍትዌር። ሶፍትዌሩን ኦፕንትራክ የሚባለው ፕሮግራም በነፃ ይሰጠናል። መብራቱን ከተጣለ የቲቪ ሪሞት እናወጣዋለን። ካሜራው መሳቢያ ውስጥ የተረሳ ዌብካም ሊሆን ይችላል።

ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ነገር ሞክሩ። ኦፕንትራክ ውስጥ ኒውራልኔት የሚባል ዘዴ አለ። ምንም መብራት ሳትሠሩ፣ ተራ ዌብካም ፊታችሁን እያየ ብቻ ይከታተላችኋል። ደኅና ብርሃን ያለበት ክፍል ውስጥ በቂ ሆኖ ካገኛችሁት እዚያው ላይ ቁሙ። ጨለማ ውስጥ የምትጫወቱ ከሆነ፣ ኮምፒውተራችሁ ደከም ያለ ከሆነ፣ ወይም ምስሉ እየተንቀጠቀጠ ካስቸገራችሁ ግን ኢንፍራሬዱን የሚያክል የለም።

እንዴት ነው የሚሠራው?

በሦስቱ መብራቶች መካከል ያለው ርቀት አይለወጥም። ኦፕንትራክ ርቀቱን በሚሊሜትር ያውቃል። ጭንቅላታችሁ ሲዞር ነጥቦቹ ካሜራው ላይ ይቀራረባሉ ወይም ይራራቃሉ። ወደ ካሜራው ስትጠጉ በመካከላቸው ያለው ክፍተት ይሰፋል። ከዚህ ተነስቶ ሶፍትዌሩ ስድስት ነገር ያሰላል፤ ግራ ቀኝ መዞርን፣ ቀና ደፋ ማለትን፣ አንገት ማዘንበልን፣ ከዚያም ወደ ጎን፣ ወደ ላይና ወደ ፊት መንቀሳቀስን። እ.ኤ.አ. በ2007 ጆኒ ቹንግ ሊ የሚባል ተመራማሪ በኔንቲዶ ዊ የጌም መጫወቻ ሪሞት ተመሳሳይ ነገር ሠርቶ በቪዲዮ አሳይቶ ነበር። ሪሞቱ ውስጥ ያለውን የኢንፍራሬድ ካሜራ ቲቪው ጋ አስቀምጦ፣ መብራቶቹን መነጽር ላይ አደረጋቸው። የኛም ዘዴ ከዚያ ብዙ አይርቅም።

ከዚህ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙ። ካሜራው ማየት ያለበት ድፍን ጥቁር ላይ ሦስት ጥርት ያሉ ነጭ ነጥቦችን ነው። ሌላ ምንም ማየት የለበትም። ይህ ከተገኘ ሶፍትዌሩ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። ይህ ካልተገኘ የትኛውም ሴቲንግ አያድናችሁም። ከዚህ በታች ያለው ሥራ ከሞላ ጎደል ለዚህ ምስል ሲባል ነው።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

ሦስት የኢንፍራሬድ ኤልኢዲ (ትንንሽ መብራት)። አንድ 33 ኦም ሬዚስተር (ኤሌክትሪኩን የሚገታ ትንሽ ዕቃ)፤ ሩብ ዋት ይበቃዋል። ጫፉ የተበላሸ የዩኤስቢ ቻርጀር ኬብል። ሄድፎን። ጠንከር ያለ ሽቦ፣ የኮት መስቀያ ቢሆን ይሆናል። መበየጃ ካውያና ሶልደር፣ ፒንሳ፣ ናስትሮ፣ ቀጭን ካቻቢቴ፣ ደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት። ዌብካም። በመጨረሻም ከአሮጌ ፍሎፒ ዲስክ ወይም ከፎቶ ነጌቲቭ የተቆረጠ ጥቁር ቁራጭ።

ኤልኢዲ የምትገዙ ከሆነ 850 ናኖሜትር (የብርሃኑ የሞገድ ርዝመት) የሚለውን ምረጡ። የዌብካም ሴንሰር (ብርሃን ተቀባዩ ክፍል) 850ውን ከ940ው ይበልጥ ያየዋል። ብርሃኑ የሚሰራጭበት ማዕዘን ሰፊ የሆነ ካለ ደግሞ እሱን ውሰዱ። ካልገዛችሁ ግን የተጣለ ሪሞት ይበቃል። የቲቪ ሪሞቶች አብዛኛውን ጊዜ 940 ናቸው፤ ለዚህ ሥራ አያንሱም። አንድ ሪሞት ውስጥ ብዙ ጊዜ አንድ ኤልኢዲ ብቻ ስላለ ሦስት ሪሞት ያስፈልጋችኋል። ቲቪና ዲሽ የሚጠግን ሰው ጋ ጎራ ብትሉ የሞተ ሪሞት አታጡም። የሚሞተው ብዙ ጊዜ ቁልፉ ወይም ቦርዱ ነው፤ ኤልኢዲው ደኅና ነው።

አንድ፦ ኤልኢዲዎቹን ማዘጋጀት

በመጀመሪያ የስልካችሁን ካሜራ ፈትኑ። የሚሠራ ሪሞት ወደ ካሜራው አዙራችሁ ቁልፍ ተጫኑ። ስክሪኑ ላይ ነጭ ወይም ሐምራዊ ብልጭታ ከታየ፣ ከእንግዲህ መብራት መመርመሪያችሁ ይኸው ስልክ ነው። የኋላ ካሜራው ካላሳያችሁ የሰልፊውን ሞክሩ፤ ብዙ ጊዜ እሱ የተሻለ ያያል።

አሁን ብዙ ሰው የሚዘለው ደረጃ ላይ ደርሰናል። የሪሞት ኤልኢዲ ጫፉ ድብልብል ነው። ድብልብሉ ብርሃኑን ሰብስቦ ፊት ለፊት ወዳለው ቲቪ ይልከዋል። ለኛ ይህ ጉዳት ነው። ጭንቅላታችሁ 30 ዲግሪ ሲዞር ጨረሩ ካሜራውን ይስታል፣ ነጥቡም ይጠፋል። ስለዚህ ድብልብሉን ሞርዱት። የብርጭቆ ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ዘርጉና የኤልኢዲውን ጫፍ በክብ በክብ አሹት። አናቱ ጠፍጣፋ ሲሆን አቁሙ፤ ውስጥ የሚታየው ጥቃቅን ብረት ጋ እንዳትደርሱ። ገጹ ጉም የመሰለ ሆኖ ይቀራል። ያ ጉም ብርሃኑን ወደ ሁሉም አቅጣጫ ይበትነዋል። የተሞረደውንና ያልተሞረደውን ጎን ለጎን አብርታችሁ ከጎን በኩል በስልክ ብታዩዋቸው ልዩነቱ ወዲያው ይታያል።

ሁለት፦ ገመዱን ማገናኘት

የኬብሉን የስልክ ጫፍ ቁረጡና ሽፋኑን ላጡ። ብዙ ጊዜ ቀይ፣ ጥቁር፣ አረንጓዴና ነጭ ሽቦ ታገኛላችሁ። ቀዩ 5 ቮልት ፖዘቲቭ፣ ጥቁሩ ኔጌቲቭ ነው። አረንጓዴውንና ነጩን አሳጥራችሁ ለየብቻ በናስትሮ ጠቅልሏቸው። ርካሽ ኬብሎች የሽቦውን ቀለም ላይጠብቁ ይችላሉ። መልቲሜትር ካላችሁ ለኩ።

ሦስቱን ኤልኢዲ በሲሪስ፣ ማለትም አንዱን ከአንዱ አስከትላችሁ፣ ግጠሙ። ቀዩ ሽቦ ወደ ሬዚስተሩ፣ ሬዚስተሩ ወደ መጀመሪያው ኤልኢዲ ፖዘቲቭ፣ የመጀመሪያው ኔጌቲቭ ወደ ሁለተኛው ፖዘቲቭ፣ እንደዚያ እያለ የሦስተኛው ኔጌቲቭ ወደ ጥቁሩ ሽቦ። አዲስ ኤልኢዲ ከሆነ ረጅሙ እግር ፖዘቲቭ ነው። ከሪሞት የወጣ ከሆነ እግሮቹ ተቆርጠዋል፤ የታችኛውን ክብ ጠርዝ እዩ፣ ጠፍጣፋ የሆነበት ጎን ኔጌቲቭ ነው።

33 ኦም ከየት መጣ? አንድ የኢንፍራሬድ ኤልኢዲ ወደ 1.3 ቮልት ገደማ ይወስዳል። ሦስቱ 3.9 ሆኑ። ከ5 ቮልት 1.1 ይተርፋል። 1.1ን ለ33 ስታካፍሉት 33 ሚሊአምፔር ይመጣል። ይህ ኤልኢዲውን ሳያሞቅ ለካሜራው በቂ ብርሃን ይሰጣል። ብርሃኑ አነሰ ካላችሁ 22 ኦም ድረስ መውረድ ትችላላችሁ፤ ያኔ 50 ሚሊአምፔር ይሆናል። ከዚያ በታች አትውረዱ። ያለ ሬዚስተር ደግሞ በጭራሽ አትሞክሩት።

ከመበየዳችሁ በፊት ሽቦዎቹን በእጅ ጠምዝዛችሁ ሞክሩ። የመጀመሪያውን ሙከራ በስልክ ቻርጀር ላይ አድርጉት። ስህተት ካለ የሚጎዳው ርካሽ ቻርጀር ይሁን፤ የኮምፒውተራችሁ ፖርት አይሁን። በስልካችሁ ካሜራ ሦስቱም በርተው ካያችሁ በይዱ፣ እያንዳንዱን መጋጠሚያ በናስትሮ ሸፍኑ። አንዱም ካልበራ አንዱ ኤልኢዲ ተገልብጦ ሊሆን ይችላል፤ በሲሪስ ውስጥ አንዱ ከዘጋ ሁሉም ይዘጋሉ።

በፓወር ባንክ ለመጠቀም ካሰባችሁ አንድ ነገር ልብ በሉ። ብዙ ፓወር ባንኮች የሚሳበው ኃይል በጣም ሲያንስ ስልኩ ሞልቷል ብለው ራሳቸውን ያጠፋሉ። ኬብሉን ከኮምፒውተሩ ጋር ማገናኘቱ ይሻላል። ገመድ የሚያስጠላችሁ ከሆነ ሁለት ትልልቅ የሪሞት ድንጋይ ተጠቀሙ። ያኔ ግን 3 ቮልት ለሦስት ኤልኢዲ በሲሪስ አይበቃም፤ እያንዳንዱን በየራሱ 56 ኦም ሬዚስተር በፓራለል፣ ማለትም ጎን ለጎን፣ ግጠሙት።

ኢንፍራሬድ አይታይም፤ ስለዚህ ዓይናችን አይጠነቀቀውም። በዚህ ኃይል ሄድፎን ላይ ሆኖ ወደ ፊት ቢያበራ ችግር የለውም። ኤልኢዲውን ዓይን ሥር አስጠግቶ ማፍጠጥ ግን አያስፈልግም። ብርሃን መኖሩን በስልካችሁ እዩ።

ሦስት፦ ክሊፑን መሥራት

ሽቦውን ቆልምማችሁ ከሄድፎኑ ጆሮ ጎን የሚታሰር መያዣ (ክሊፕ) ሥሩ። ሦስቱ ኤልኢዲዎች ከላይ ወደ ታች ይደረደራሉ፤ ግን በአንድ ልክ መሆን የለባቸውም። መካከለኛው ወደ ካሜራው ቀድሞ ይወጣል። የላይኛው ከእሱ 40 ሚሊሜትር ወደ ላይ፣ 30 ሚሊሜትር ወደ ኋላ። የታችኛው 70 ወደ ታች፣ 80 ወደ ኋላ። ይህ ጥልቀት ዋናው ነገር ነው። ሦስቱም በአንድ ቀጥተኛ መስመር ላይ ካረፉ ሶፍትዌሩ ወደየት እንደዞራችሁ መለየት ያቅተዋል።

ልኩ አንድ ሁለት ሚሊሜትር ቢዛነፍ አይጨነቁ። ዋናው በመጨረሻ የወጣውን በማስመሪያ ለክታችሁ መጻፋችሁ ነው፤ ኦፕንትራክ የራሳችሁን ቁጥር ይቀበላል። ይልቅ መያዣው እንዳይወዛወዝ ተጠንቀቁ። ጭንቅላታችሁ ቆሞ ሽቦው ከተንቀጠቀጠ ጨዋታው ውስጥ ያለው ዓለም ሁሉ ይንቀጠቀጣል። ቀጭን ሽቦ ከሆነ ደርባችሁ ጠምዝዙት። ኤልኢዲዎቹን በሙቅ ሙጫ አጣብቋቸው፤ ሁሉም ፊታቸው ወደ ካሜራው ይሁን።

አራት፦ ዌብካሙን መክፈት

ይህን ሥራ ለቪዲዮ ስብሰባ በምትጠቀሙበት ካሜራ ላይ አትሥሩት፤ የላፕቶፕ ካሜራም አትንኩ። ከዚህ በኋላ ቀለሙ ሁሉ ወደ ሐምራዊ ይሄዳል። አሮጌ ዌብካም ፈልጉ። የፕሌይስቴሽን 3 ካሜራ፣ ፒኤስ3 አይ የሚባለው፣ ካጋጠማችሁ አትለፉት። በ640 በ480 ጥራት በሰከንድ 60 ምስል ያነሳል። ለዚህ ሥራ ከከፍተኛ ጥራት ይልቅ ፍጥነት ይጠቅማል። በሰከንድ 30 የሚያነሳም ይሠራል፤ እንቅስቃሴው ግን ትንሽ ይጎተታል።

ዌብካሞች ውስጥ ኢንፍራሬድን የሚያግድ ትንሽ መስታወት አለ። መኖሩን ሳትከፍቱ ለማወቅ የበራውን ክሊፕ አሳዩት። ነጥቦቹ ደምቀው ከታዩ መክፈት ላያስፈልጋችሁ ይችላል። ደብዝዘው ከታዩ ወይም ጨርሶ ካልታዩ ክፈቱት። ሌንሱን እያዞራችሁ ከቦርዱ አውጡ። ከጀርባው፣ በሴንሰሩ በኩል፣ አራት ማዕዘን ወይም ክብ ቁራጭ መስታወት ታያላችሁ። አዘንብላችሁ ስታዩት ቀላ ያለ ወይም ሰማያዊ ነጸብራቅ ይሰጣል። በምላጭ ጫፍ ከጎኑ ቀስ ብላችሁ ፈንቅሉት። ቢሰበር ግድ የለም፤ ሌንሱን እንዳትቧጭሩ፣ ሴንሰሩንም በጣት እንዳትነኩ ብቻ። ስብርባሪው ሴንሰሩ ላይ እንዳይወድቅ ሌንሱን ራቅ አድርጋችሁ ሥሩ። አንዳንድ ርካሽ ካሜራ ላይ መከላከያው ሌንሱ ላይ የተቀባ ስለሆነ አይወጣም። ያኔ ሌላ ካሜራ መፈለግ ነው።

መስታወቱ ሲወጣ ፎከሱ ይቀየራል። ሌንሱን መልሳችሁ ስታስገቡ በምትቀመጡበት ርቀት ላይ ምስሉ ጥርት እስኪል ድረስ አዙሩት።

አምስት፦ ጥቁሩ መጋረጃ

አሁን ካሜራው ኢንፍራሬዱንም ያያል፣ ክፍሉንም ያያል። ክፍሉን ማጥፋት አለብን። በዓይን የሚታየውን ብርሃን አግዶ ኢንፍራሬድን የሚያሳልፍ ነገር ያስፈልጋል። ፍሎፒ ዲስክ ውስጥ ያለው ክብ ጥቁር ፕላስቲክ ይህን ያደርጋል። የታጠበ የቀለም ፊልም ጥቁር ጫፍም እንዲሁ።

ፊልሙ የቀለም መሆን አለበት። የቀለም ፊልም ጥቁረቱ የሚመጣው ከማቅለሚያ ነው፤ ማቅለሚያው ኢንፍራሬድን ያሳልፋል። የጥቁርና ነጭ ፊልም ጥቁረት ግን ብር ነው፤ ብር ሁሉንም ያግዳል። የምትፈልጉት ደግሞ ፎቶ የተነሳበትን ክፍል አይደለም፤ ፊልሙ ካሜራ ውስጥ ሲገባ ብርሃን የመታውን የመጀመሪያውን ጫፍ ነው፤ ታጥቦ ጥቁር ሆኖ የቀረውን። ቤት ያለው ነጌቲቭ የእናት የአባት ሠርግ ሊሆን ይችላልና መቀስ ከማንሳታችሁ በፊት ወደ ብርሃን አንስታችሁ እዩት። ምስል ካለበት መልሱትና ፍሎፒ ፈልጉ።

ከሌንሱ ፊት ሁለት ድርብ አድርጋችሁ በናስትሮ ለጥፉ። ዙሪያውን ብርሃን የሚያስገባ ቀዳዳ አትተዉ። ካሜራውን ከስክሪኑ በላይ መሃል ላይ አስቀምጡት፤ ከፊታችሁ ከ60 ሳንቲሜትር እስከ አንድ ሜትር ይራቅ፣ ትንሽ ወደ ታች ይመልከት።

ቀሪው ጠላት የክፍሉ ብርሃን ነው። የፀሐይ ብርሃን በኢንፍራሬድ የተሞላ ነው። ከጀርባችሁ መስኮት ካለ መጋረጃውን ዝጉ ወይም ወንበራችሁን አዙሩ። ሽቦው ግሎ የሚያበራው የድሮ አምፖልና ሻማም ነጥብ ሆነው ይገባሉ። የኤልኢዲ አምፖል ግን ከሞላ ጎደል አይታይም። የሚያብረቀርቅ ጉትቻና የመነጽር ፍሬምም አንዳንዴ ያታልላሉ።

ስድስት፦ ኦፕንትራክ

ፕሮግራሙን ጫኑና ክፈቱ። ኢንፑት የሚለው ላይ ፖይንትትራከርን ምረጡ። አውትፑት ላይ ፍሪትራክ 2.0ን። ፊልተር ላይ አኬላን። ከዚያ ከኢንፑቱ ጎን ያለውን የመዶሻ ምልክት ተጭናችሁ ካሜራችሁን፣ ጥራቱን በ640 በ480፣ ፍጥነቱንም ካሜራው በሚችለው ልክ ሙሉ።

ከሁሉ አስቀድሞ የካሜራውን አውቶ ኤክስፖዠር (ብርሃኑን በራሱ የሚያስተካክልበትን) አጥፉ። ይህ ቀልድ አይደለም። ካሜራው ጨለማ ሲያይ ብርሃን ለመሰብሰብ እያንዳንዱን ምስል ያረዝማል። በሰከንድ 30 ያነሳ የነበረው 15 ወይም ከዚያ በታች ይወርዳል፤ ነጥቦቹም ስትንቀሳቀሱ እንደ ጅራት ይጎተታሉ። ኤክስፖዠሩን በእጅ ዝቅ አድርጉት። ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ሦስቱ ነጥቦች ብቻ እስኪቀሩ ድረስ ዝቅ በሉ።

ቀጥሎ ትሬሾልድ (ነጥብ ተብሎ የሚቆጠረው የብርሃን መጠን ወሰን) የሚለውን አስተካክሉ። ስታርትን ስትጫኑ በምስሉ ላይ እያንዳንዱ ነጥብ ምልክት ይደረግበታል። ምልክቱ ሦስት መሆን አለበት። አራት ከሆነ ከላይ ወደ ተነገረው የክፍሉ ብርሃን ተመለሱ። ሁለት ከሆነ ትሬሾልዱን ዝቅ አድርጉ። ሦስት ሆነው የሚብለጨለጩ ከሆነ የነጥቡን ትንሹን መጠን ቀንሱ። አሁን ቀስ ብላችሁ ጭንቅላታችሁን ወደ አራቱም አቅጣጫ አዙሩ፤ ሦስቱም ሳይጠፉ መከተል አለባቸው። በአንድ በኩል ከጠፉ የክሊፑን አቅጣጫ አስተካክሉ ወይም ኤልኢዲውን የበለጠ ሞርዱት።

ሞዴል በሚለው ገጽ ክሊፕ የሚለውን መርጣችሁ የለካችኋቸውን ሚሊሜትሮች ሙሉ። እዚያው ካሊብሬሽን አለ። ክሊፑ ያለው ከጆሯችሁ ጎን ነው፣ ጭንቅላታችሁ የሚዞረው ግን በአንገታችሁ ላይ ነው። ይህን ልዩነት ሶፍትዌሩ መማር አለበት። ካሊብሬሽኑን ጀምራችሁ ጭንቅላታችሁን ግራ ቀኝና ላይ ታች ብቻ አንቀሳቅሱ። አታዘንብሉ፣ ከቦታችሁም አትንቀሳቀሱ። ቁጥሩ ሲረጋ አቁሙት።

ሰባት፦ ከርቩን መሳል

ማፒንግ የሚለው ውስጥ ለእያንዳንዱ እንቅስቃሴ መስመር ትስላላችሁ። ስክሪኑን ማየት ስላለባችሁ በእውኑ ከ25 ወይም 30 ዲግሪ በላይ አትዞሩም። ጨዋታው ውስጥ ግን ወደ ኋላ ማየት ትፈልጋላችሁ። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን 3 ዲግሪ ጠፍጣፋ አድርጓቸው፤ ቀጥ ብላችሁ ስትነዱ መንገዱ እንዳይዋኝ። ከዚያ እስከ 10 ዲግሪ መስመሩ ቀስ ብሎ ይነሳ፤ የጎን መስታወት ማየት እዚህ ውስጥ ይጠናቀቅ። ከ10 እስከ 30 ደግሞ ዳገቱን አጥብቁት፤ 30 ላይ 120 ዲግሪ ይድረስ። አንገት ማዘንበልን በጭነት መኪና ጨዋታ ላይ አጥፉት፤ ከጥቅሙ ማዞሩ ይበልጣል።

ሁለት ቁልፎችንም ሰይሙ። ሴንተር የሚለው ቀጥ ብላችሁ ስትቀመጡ መሃሉን ይመልስላችኋል፤ መሪ የምትጠቀሙ ከሆነ የመሪው ቁልፍ ላይ አድርጉት። ቶግል የሚለው ሰው ሲያናግራችሁ ትራከሩን ያቆመዋል።

በመጨረሻ ኦፕንትራክን አስጀምሩ፣ ጨዋታውን ከዚያ በኋላ ክፈቱ። ትራክአይአርን የሚደግፍ ጨዋታ ሁሉ ማለት ይቻላል ኦፕንትራክን እንደዚያው ይቀበለዋል፤ ዩሮ ትራክ፣ ዲሲኤስ ወርልድ፣ አርማ 3፣ ማይክሮሶፍት ፍላይት ሲሙሌተር። ነጥቦቹ እየሠሩ ጨዋታው ዝም ካለ፣ ጨዋታው በአድሚኒስትሬተር መብት ተከፍቶ እንደሆነ እዩ። እንዲያ ከሆነ ኦፕንትራክም በዚያው መብት መከፈት አለበት።

መጀመሪያ ላይ ትንሽ ሊያዞራችሁ ይችላል። ካዞራችሁ ለጊዜው 30 ዲግሪ ላይ 120 የነበረውን ወደ 80 አውርዱና አጠር አጠር አድርጋችሁ ተጫወቱ። ሲለመዳችሁ መስመሩን እየመለሳችሁ ከፍ አድርጉት።